ከኦታ ክላሰር የጎደለው ሳምንት

ሆርካ፣ ጁላይ 1

ኦታ፣

ተነስ፤ ክላሰርህን ይዤዋለሁ። አትጩህ። እጄን ታጥቤያለሁ፣ ቅቤ የነካ ጣት የለኝም፣ ውሻችንን ብሮክንም ውጭ አስሬዋለሁ።

ደብዳቤዎቻችንን አንተ እንደምትወደው በቀናቸው እያስተካከልኩ ነው። የደብዳቤዎችህ ግልባጮች በቀዩ መለያ ካርቶን ሥር፣ «ጽሕፈት» የሚለው ውስጥ አሉ። የኔዎቹንም እዚያው ሰክተሃቸዋል። ወረቀቱን የበሳኸው ራስህ መሆንህ ያስታውቃል፤ አንደኛው ቀዳዳ «ወንድምህ» ከሚለው ቃል መሃሉን ወስዶታል። እኔ የጨመርኩት የእማን ሁለት ደብዳቤዎችና የራሴን አንድ ነው። በማርች አንተ ከሄድክ በኋላ የተጻፉ ስለሆኑ አታውቃቸውም።

መጥፎውን ቃል አስቀድሜ ልበለው፤ አንተም ስታውቀው ኖረሃል። እቀናብህ ነበር። ወንድሙ የሞተበት ሰው እንዲህ ማለቱ ነውር ነው፤ ግን አሁንም እቀናብሃለሁ። ከተወለድክ ጀምሮ ልብህ ደካማ ስለነበር ሐኪሞቹ ከልጆች ግርግር አርቁት አሉ። የሆርካ ትምህርት ቤት ደግሞ ተማሪ አጥቶ ተዘግቷል። አባታችንም ኦስትሪያ ከሄደ ቆይቷል። ስለዚህ እማ ወጥ ቤታችንን የትምህርት ክፍል አደረገችልህ። በዓመት ሁለት ጊዜ ወደ ወረዳው ከተማ ትወስድሃለች፤ ወይዘሮ ክሩፖቫ የምትባለው መምህርት ክላሰርህን ገልጣ ታይና ትጠይቅሃለች። ለዚያ ሲባል እማ በየቀኑ አንድ ገጽ ትጽፍልሃለች፤ ምን ሠራህ፣ ምን አነበብክ፣ ምን ጠየቅክ። በሰባት ዓመትህ ሁለት ክላሰር ሞልተህ ሦስተኛውን ጀመርክ። እኔ አስራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ያለኝ አንድ የጫማ ካርቶን ነው። ውስጡ የውጤት ካርዶችና አንድ ጥርስ አለ። ጥርሱም የውሻ ሊሆን ይችላል።

ነገ እማ ሥራ ትጀምራለች። ጠዋት ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ስለምሆን ይህን ዛሬ ልጨርሰው።


ሆርካ፣ ሴፕቴምበር 20

ውድ ወንድሜ ፕሮኮፕ፣

እንደምን ነህ? እኔ ደህና ነኝ። እማ ደህና ናት። ብሮክ ደህና ነው፣ ግን ይሸታል።

ትምህርት ተጀመረ ወይ ላልከኝ፣ ተጀምሯል። ደወል ስለሌለን እማ ድስት በማንኪያ ትመታለች። ክፍሉ ውስጥ ያለሁት እኔ ብቻ ስለሆንኩ አንደኛም እኔ ነኝ፣ መጨረሻም እኔ ነኝ። ትናንት መጨረሻ ወጣሁ፤ መቀነስ እምቢ አለኝ።

አዲስ ነገር አለኝ! ጡረታ የወጣው ፖስተኛ የቀን ማኅተም ሰጠኝ። ጎማዎቹን በጥፍርህ ስታዞራቸው ቀኑ ይቀየራል። እማ «ቀን ያልተጻፈበት ነገር እንዳልተደረገ ይቆጠራል» ስለምትል ሁሉንም መታሁት፤ ወረቀቱን፣ የዳቦውን ከረጢት፣ የብሮክን ጆሮ። ስትመጣ ክንድህን እመታዋለሁ።

ዛሬ ሒሳብ የተማርነው ውጭ ነበር። ከበራችን እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ስንት ርምጃ ነው ብዬ ጠየቅኩ። እማ «እሱን እግርህን ጠይቀው» አለችኝ። አንድ ርምጃዬ 46 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በማስመሪያ ለክተነዋል። 412 ስደርስ አግዳሚ ወንበሩ ጋ ደከመኝና ተቀመጥኩ። እማ ተሸክማ መለሰችኝ። ስለተሸከመችኝ መመለሻው አይቆጠርም። የቀረውን ስትመጣ አንተ ትቆጥርልኛለህ። ገጹ ላይ ቦታ ትተንልሃል።

የራሱ ቁልፍ ያለው ቁም ሳጥን አለህ የሚባለው እውነት ነው? ምን ታስቀምጥበታለህ? እኔ ቁልፍ ያለው ነገር የለኝም።

ወንድምህ ኦታ


ፒሴክ፣ ኦክቶበር 5

ኦታ፣

ሰላም ነው? ዘግይቼ ስለመለስኩልህ አትቀየመኝ። ጫካ ውስጥ የዛፍ ልኬት እየተለማመድን ነበር።

ቁም ሳጥኔ ውስጥ ካልሲ አለ። አለቀ። የሚቆለፈው በደን ትምህርት ቤቱ ማደሪያ አራት ልጆች በአንድ ክፍል ስለምናድርና ሚሬክ የሚባለው ሆዳም ከቤት የመጣ ጣፋጭ የቡክታ ዳቦ ካየ ስለማይምር ነው። ባለፈው እማ የላከችውን ማርማላታውን ልሶ ዳቦውን ትቶልኛል።

ደብዳቤህ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የታረሙ ሦስት ፊደሎች አየሁ። ለመሆኑ የምትጽፈው ለኔ ነው ወይስ ለወይዘሮ ክሩፖቫ? ለኔ ከሆነ ስሕተቱን እንዳለ ላከው፤ እኔ ማርክ አልሰጥህም። የኔስ መልስ ክላሰር ውስጥ ይገባል? ከገባ እማ ታነበዋለችና ይቺን ልጨምር። እማ፣ ደህና ነኝ፤ የጠየቀኝ ባይኖርም።

ርምጃህን ራስህ ቁጠር። እኔ ያንተ የሒሳብ መጽሐፍ አይደለሁም። በዚያ መንገድ አራት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ለአውቶቡስ ሮጫለሁ፤ ስንት ርምጃ ነው ብሎ የጻፈልኝ ሰው የለም።

ወንድምህ ፕሮኮፕ


ሆርካ፣ ኖቬምበር 18

ውድ ፕሮኮፕ፣

ተቆጥተሃል? ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ በሁለተኛውም ተቆጥተሃል።

የምጽፈው ለአንተ ነው። ወይዘሮ ክሩፖቫ የምታነበው በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ያኔም መነጽሯን ትረሳለች። እማ የምታርመኝ ሥራዋ ስለሆነ ነው። ትናንት «ለፕሮኮፕ ልጽፍ ነው» ስላት «እስኪ አንድ ቀን ለኔም ጻፍልኝ» አለችኝ። «አንቺማ እዚሁ ነሽ፤ ፖስታው የት ይሄዳል?» አልኳት። አኮረፈች። እሷም ትቀናለች ማለት ነው።

ስላንተ የጠየቅኩት ጥያቄ አለ። የጠየቅኩት ሰኞ ነው፤ ዛሬ ዓርብ ሆኖም መልሱ አላለቀም። እዚህ አልጽፈውም፤ ክላሰሩ ውስጥ ነው። ለገና ስትመጣ ታየዋለህ።

ገንዳ ውስጥ የሚዋኘውን የገናውን ዓሣ ዘንድሮ የምለካው እኔ ነኝ። እማ «ዓሣው ሒሳብ ነው፣ መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ያለው ውሃ ደግሞ ሳይንስ» ብላለች። «መታረዱስ ምንድን ነው?» አልኳት። «እሱ እራት ነው» አለችኝ።

ስትመጣ የትምህርት ቤታችሁ ደወል እንዴት እንደሚጮህ በአፍህ ታሰማኛለህ። እውነተኛ ደወል ሰምቼ አላውቅም።

ኦታ


ፒሴክ፣ ጃንዋሪ 8

ኦታ፣

ሳልሰናበትህ ስለሄድኩ ይቅርታ። ተኝተህ ነበር፤ እማም «አትቀስቅሰው፣ ሲያስለው ነው ያደረው» አለችኝ። ለምን በማለዳው አውቶቡስ ሄድክ ላልከኝ፣ ፈተና ስላለብኝ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም።

ጥያቄህን አላየሁትም። ክላሰርህንም አልነካሁም። ጊዜ አልነበረኝም። ደግሞስ ከዓሣው በቀር ቤት ውስጥ የታየ ነገር ነበር? እናንተ ዓሣው 58 ከምናምን ነው እያላችሁ ስትከራከሩ፣ እኔ ስንት ሴንቲ ሜትር እንዳደግኩ የጠየቀኝ የለም። ሰባት ነው። ለሒሳብህ ካስፈለገህ።

ማኅተምህ ከክንዴ ለመልቀቅ ሦስት ቀን ፈጀ። ሚሬክ «ቀኑ ያለፈበት እርጎ መስለሃል» እያለ ሲስቅብኝ ሰነበተ።

ሳልህ እንዴት ነው? ደወሉን በአፌ ስላላሰማሁህ ይቅርታ። ረስቼው ነው።

ፕሮኮፕ


ሆርካ፣ ጃንዋሪ 31

ፕሮኮፕ፣

ፈተናው እንዴት ነበር ላልከኝ፣ በንባብ አንደኛ ወጣሁ፣ በሒሳብም አንደኛ። ተፈታኙ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ወይዘሮ ክሩፖቫ ዘንድሮ መነጽሯን አልረሳችም። ክላሰሬን ገጽ በገጽ እያየች መጥታ ኖቬምበር ላይ ቆመች። «ከ14 እስከ 18 ያለው የታለ?» አለች። እማ ፊቷ ቀላ። «ነበረ፤ ራሴ ነኝ የጻፍኩት» አለቻት። «ልጁ ታሞ ነበር?» «ኧረ፣ ተምሯል።» «ታዲያ ወረቀቱ ምን ዋጠው?» እኔ ቶሎ ብዬ «ብሮክ በላው» አልኩ። ወይዘሮ ክሩፖቫ «ቀዳዳዎቹንም ጭምር?» ብላ ሳቀች። እማ ግን አልሳቀችም። ከዚያ ወይዘሮ ክሩፖቫ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ጁን ላይም እንዲህ ጎድሎ ከመጣ በቤት የመማር ፈቃዱን ማደስ ይቸግረኛል» አለቻት።

አውቶቡስ ውስጥ እማ ክላሰሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ገለጠችው። ከዚያ «ውሸታም ልጅ ማኅተም አይዝም» ብላ ለአንድ ሳምንት ወሰደችብኝ። ይህን ደብዳቤ ስለዚህ በእርሳስ ነው ቀን የጻፍኩበት።

የበላው ብሮክ ረጅም ነው። ሹራብ ለብሷል። ከበላ በኋላ በማለዳው አውቶቡስ ሄደ። እማ ስለምታነበው ከዚህ በላይ አልጽፍም። ለብሮክ ንገረው፤ ዝም የምልለት የቀረውን ርምጃ ከቆጠረልኝ ነው።

ኦታ


ፒሴክ፣ ፌብሩዋሪ 12

አንተ ትንሽ ሽፍታ፣

ለብሮክ ነገርኩት። እንዲህ ይልሃል፤ ቤት ሙሉ ሰው የሚጽፍለት ልጅ አምስት ገጽ ቢጎድልበት ምን ይሆናል? ሦስት ክላሰር አለህ። ያለኝን ላካፍልህ ያለኝ አለ? ርቦኝ ነው የበላሁት ይላል። ሲበላው ደግሞ አልጣፈጠውም።

ማኅተምህን ስለወሰደችብህ አዝኛለሁ። ይህን የሚለው ብሮክ አይደለም፣ እኔ ነኝ።

ርምጃውን በፋሲካ እናያለን። እሺ አላልኩም፤ እናያለን ነው ያልኩት። ደግሞ ሳልህ እንዴት እንደሆነ ጠይቄህ አልመለስክልኝም።

ፕሮኮፕ


ሆርካ፣ ፌብሩዋሪ 26

ፕሮኮፕ፣

ሳሉ አልተሻለኝም። የምጽፈው አልጋ ላይ ሆኜ ስለሆነ ፊደሎቹ ይንሸራተታሉ። እማ ዛሬ አላረመችኝም፤ አንተ እንደፈለግከው ስሕተቱ እንዳለ ነው።

ብሮክ ከበላው አይቀር በሁለቱም በኩል ይብላው። እያንዳንዱ ወረቀት ሁለት ፊት አለው። እማ ወረቀት ስለማታባክን በጀርባውም ትጽፋለች። ገልብጠው በለው።

ፋሲካ ስንት ቀን ቀረው? ማኅተሙ ተመልሶልኛል፤ ለክንድህ አስቀድሜ አዘጋጀዋለሁ።

እንደምትቀናብኝ አውቃለሁ። እኔም እቀናብሃለሁ። አንተ ለአውቶቡስ ትሮጣለህ።

ኦታ


ሆርካ፣ ኤፕሪል 22

ልጄ ፕሮኮፕ፣

እንደምን ሰነበትክ? ደብዳቤህ ከደረሰኝ አስር ቀን አልፎታል። ብዕር አንስቼ አስቀመጥኩ፣ አንስቼ አስቀመጥኩ። በቀብሩ ቀን አጠገቤ ቆመህ እጅህን ሳልይዝህ መቅረቴን የማስበው አሁን ነው። ይቅር በለኝ። በፋሲካ ለምን ማደሪያው እንደቀረህ አልጠይቅህም። ሁለት ሳህን አቅርቤ አንዱን መልሼ አነሳሁት፤ ሌላ የሆነ ነገር የለም።

ምን እየሠራሽ ነው ላልከኝ፣ ክላሰሩን እየዘጋሁ ነው። ወይዘሮ ክሩፖቫ ደውላልኝ ነበር። መዝገቡ በጁን መጨረሻ ይዘጋል፣ መጽሐፎቹም ይመለሳሉ። «ክላሰሩን እንኳ ማምጣት የለብዎትም፤ እባክዎ አይቸገሩ» አለችኝ። አመጣዋለሁ አልኳት። እስከ ማርች 9 ድረስ የተሟላ ነው፤ ሆስፒታል ሆኖ የጠየቀው ሳይቀር አለ። ነርሷን «ሌሊት ስትሠሪ የምትጽፊው የዛሬን ቀን ነው ወይስ የነገን?» ብሏት ነበር። እሱንም ጽፌዋለሁ።

የጎደለው ያ የኖቬምበር ሳምንት ብቻ ነው። ስምንት ዓመት ሊሞላው ሦስት ሳምንት ነበር የቀረው። ከዚያችው አጭር ዕድሜው ላይ አምስት ቀን ጠፋብኝ። ወይዘሮ ክሩፖቫ ፈልጋው አይደለም፤ የምፈልገው እኔ ነኝ። ከአልጋው ሥር አየሁ፣ ከምድጃው ኋላ አየሁ፣ የብሮክን ጎጆ እንኳ ገለበጥኩ።

አንተን ምንም አልጠይቅህም። ብርድ ነውና ወፍራሙን ካልሲ አድርግ።

እናትህ


ፒሴክ፣ ሜይ 13

እማ፣

እንደምን አለሽ? ወፍራሙን ካልሲ አድርጌያለሁ። ከካልሲዎቹ ሥር የነበረው ደግሞ እዚህ ፖስታ ውስጥ ነው። አምስት ገጽ። የወሰድኳቸው እኔ ነኝ።

የገና ማግሥት ጠዋት ነው፣ ዲሴምበር 26። ኦታ ስለኔ የጠየቀው ነገር ክላሰሩ ውስጥ እንዳለ ጽፎልኝ ስለነበር ገለጥኩት። የሰኞው ገጽ ላይ በጽሕፈትሽ «የዕለቱ ጥያቄ፦ ፕሮኮፕ በኔ ዕድሜ ሳለ ምን ይጠይቅ ነበር?» ይላል። ከሥሩ «አላስታወስኩም» ይላል። ሌላ የለም። በሌሎቹ ገጾች ላይ የዓሣው ርዝመት በሚሊ ሜትር ተጽፏል፣ የኦታ ርምጃ በሴንቲ ሜትር ተጽፏል፣ ስንት ማንኪያ ሾርባ እንደበላ እንኳ ተጽፏል። የኔ ሰባት ዓመት አንድ ቃል ሆነ። የክላሰሩን ቀለበት ከፈትኩና አወጣሁት። የትኛው ገጽ እንደጠፋ እንዳይታወቅ ሳምንቱን በሙሉ ወሰድኩ። ከዚያ ወዲህ አጥፌ እንዳስቀመጥኩት ነው፤ አልከፈትኩትም።

ኦታ ያውቅ ነበር። አይቶኛል። በኔ ፈንታ ተቀጣ፣ አልተናገረም። በምላሹ የለመነኝ የአውቶቡስ ማቆሚያውን መንገድ እንድቆጥርለት ብቻ ነበር፤ እሱንም «እናያለን» አልኩት። በፋሲካ ያልመጣሁት ለዚህ ነው። በዚያ መንገድ ማለፍ አቃተኝ።

ሌላም አለ፤ ጃንዋሪ ላይ ኦታን እንደዋሸሁት አንቺንም እንዳልዋሽሽ ይህንንም ልበለው። በቀብሩ ቀን ክላሰሩን አቅፈሽ ቆመሽ ነበር። ሰው ሁሉ ለኦታ የማለቅስ መስሎታል። ለኦታም አልቅሻለሁ። ግን አንቺን እያየሁ «እኔ ብሞት ምን ታቅፋለች? የጫማ ካርቶኑን?» እል ነበር። የሞተ ልጅ ላይ እየቀናሁ ነበር፣ እማ። እንዲህ ያለ ልጅ ነው የቀረልሽ።

ትጠይኝ እንደሆነ ንገሪኝ። ዝም ካልሽኝ ግን እስከ ዕረፍቱ መታገሥ አልችልም።

ፕሮኮፕ


ሆርካ፣ ጁን 10

ፕሮኮፕ፣ የኔ ልጅ፣

አልጠላህም። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት ሌላውን ረጋ ብለህ እንድታነብ ነው።

አውቅ ነበር። ሹራብ የለበሰውን ረጅም ብሮክ ካንተ በፊት ያነበብኩት እኔ ነኝ። ሁለት ፊደል አርሜ ፖስታውን አሸግኩት፤ ማኅተሙንም በማግሥቱ መለስኩለት። ኤፕሪል ላይ ጎጆ ገለበጥኩ ስልህ እውነቴን ነው፤ የት እንዳለ እያወቅሁም እጄ አርፎ አልተቀመጠልኝም። ለምን ዝም አልሽ ትል ይሆናል። ራስህ እንድታመጣው ብዬ ነው፤ እሱ ግን ግማሹ ነው። እኔ የሌለሁበት ምሥጢር በመካከላችሁ ነበረ። ደብዳቤህ ሲመጣ ወደ ጥግ ይዞት ሄዶ ብቻውን ሲስቅ እሰማዋለሁ፤ ቀኑን ሙሉ አብሬው ውዬ ለኔ እንደዚያ ስቆልኝ አያውቅም። ቀናሁባችሁ። ከማን እንደወረስከው እወቅ።

ገጹን ግን አልገለበጥከውም።

ሰኞ «አላስታወስኩም» ብዬ ጽፌ እንጨት ላመጣ ብዬ ወጣሁ። ፊቴን እንዳያየው ነው። አንተ በዚያ ዕድሜህ አባታችሁ የሄደበት ጊዜ ነበር፤ እኔ ቤት ውስጥ እያለሁም አልነበርኩም። ማክሰኞ ድንች ስልጥ አንዱ ጥያቄህ ትዝ አለኝ። ኦታ «ጻፊው፣ ጻፊው፣ ሳይሄድብሽ!» ብሎ እርሳሱን በእርጥብ እጄ አስያዘኝ። እስከ ዓርብ እየተከተለ ሲነዘንዘኝ ሰነበተ። ጀርባው ላይ ያለው ይህ ነው፦

«ዛፍ ሲቆረጥ ጥላው የት ይሄዳል?»

«እኔ ሳልወለድ በፊት ማንን ነበር የምትቆጪው?»

«አውቶቡሱ ረስቶኝ ቢሄድ ይመለስልኛል?»

ሦስት ብቻ ናቸው። ሌላው ጠፍቶብኛል፤ ይህንንም ልዋሽህ አልችልም። ኦታ ግን በየአንዳንዱ ሥር ማኅተሙን መታበት። እንዳልተደረገ እንዳይቆጠር።

ገጾቹን ወደ ቦታቸው አልመለስኳቸውም፤ መጥተህ ራስህ ትሰካቸዋለህ። ጁን 29 ዓርብ ወይዘሮ ክሩፖቫ ጋ አብረን እንሄዳለን። በአረጋውያን ቤቱ ወጥ ቤት ሥራ አግኝቻለሁ፤ ከጁላይ 2 ጀምሮ ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ከአስር ባለው አውቶቡስ እሄዳለሁ። ጠዋት ጠዋት ብቻህን ትሆናለህ፤ አንተ ትልቅ ነህ እያልኩ ደግሜ ልተውህ አይደለም፣ ማታ ማታ ውሎህን ትነግረኛለህ። ቡክታ እጋግራለሁ። ሚሬክ ሳይደርስበት ና።

እናትህ


ሆርካ፣ ጁላይ 2

ኦታ፣

ትናንት ያልነገርኩህ አለ። ዓርብ ዕለት ወይዘሮ ክሩፖቫ ኖቬምበር ላይ ስትደርስ ቆመች። ገጹን አነበበች፣ ገለበጠችው፣ ጀርባውንም አነበበች። ከዚያ ከመነጽሯ በላይ አየችኝና «ብሮክ መለሰው?» አለችኝ። «መለሰው» አልኳት። ፈረመች። እማ ስንወጣ ክላሰሩን ለኔ ሰጠችኝ፤ እጇንም ኪሴ ውስጥ ከተተችው። ብርድ በሌለበት፣ በበጋ። 

አሁን ስለ ዛሬ። እማ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ወጣች። በመስኮት ስከተላት አግዳሚ ወንበሩ ጋ ስትደርስ ዘወር ብላ ቤቱን አየች፣ ከዚያ ሄደች።  ድስት በማንኪያ የሚመታ የለም። ለብሮክ ምግቡን ሰጠሁትና ማስመሪያህን ከመሳቢያው አወጣሁ። በኔ ርምጃ ብቆጥረው ያንተ መልስ አይሆንም፤ ስለዚህ ከአጥሩ ሥር ቀጥ ያለ ዘንግ ቆርጬ ልክ 46 ሴንቲ ሜትር አደረግኩት።

ከአግዳሚ ወንበሩ ጀመርኩ። ዘንጉን አጋድማለሁ፣ ጫፉን በጣቴ እይዛለሁ፣ አነሳለሁ፣ አጋድማለሁ። ወገቤ ተቆረጠ። ማቆሚያው ጋ ልደርስ ስል የሁለት ሰዓቱ አውቶቡስ አጠገቤ መጥቶ ቀስ አለ። ሹፌሩ መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

«አንተ ረጅሙ! ምን ጣልክ?»

«ምንም። እየቆጠርኩ ነው።»

«ምኑን? ጠጠሩን?»

«አታናግረኝ፣ ስድስት መቶ ሰማንያ ሁለት ላይ ነኝ!»

«ሰማንያ ሦስት» አለና እየሳቀ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ሰማንያ ሁለት ይሁን ሰማንያ ሦስት ተምታታብኝ። አንዱን ብመርጥ ማንም እንደማያውቅ አሰብኩ። ከዚያ ወደ አግዳሚ ወንበሩ ተመልሼ እንደገና ከአንድ ጀመርኩ።

731 ነው።

ቤት ገብቼ የሴፕቴምበር 20ን ገጽ አወጣሁ። «412፣ ደከመኝ» ከሚለው ሥር የተዋችሁልኝ ቦታ እንዳለ ነው። «731። ድምር 1143። የቆጠረው ፕሮኮፕ» ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ጊዜ ደመርኩት፤ ትክክል ነው።

ማኅተሙን ከሣጥኑ ሳወጣው ኤፕሪል 8 ላይ ነበር። ፋሲካ። አስቀድመህ አዙረኸው ነበር።

መጀመሪያ እንዳለ ክንዴ ላይ መታሁት። ከዚያ ጎማዎቹን በጥፍሬ እያዞርኩ ጁላይ 2 ላይ አደረስኩትና ገጹን መታሁ።